ማዘጋጃ ቤትና ሁለቱ ቋቶቹ

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሚዛን አማን ወይም ቴፒ ላይ ማታ መብራት ድርግም ብሎ ሲጠፋ በቅድሚያ የሚታሙት ከንቲባው ናቸው። ቧንቧው ሲደርቅም እሳቸው፣ ዋናው አስፋልት ሲቦረቦርም እሳቸው፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥም ያው እሳቸው። ሐሜቱ ጆሯቸው ቢደርስ ግን ከግማሽ በላዩን «አድራሻው ተሳስቷል» ብለው መመለስ ይችሉ ነበር። መብራቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ከንቲባውን የሚመለከታቸው የመንገድ ዳር አምፖሉ ነው። የመጠጥ ውኃው የራሱ ቦርድና የራሱ ሒሳብ ያለው ተቋም ነው። ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው ዋና አውራ ጎዳና የፌዴራል ነው፤ ባለቤቱም የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር። የኔትወርኩን ነገር ከንቲባውም እንደኛው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ነው የሚጠባበቁት።

ታዲያ ለሳቸው ምን ቀረላቸው? ቆሻሻው፣ የጎርፍ ቦዩ፣ ቄራው፣ ገበያው፣ የመቃብር ቦታው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ መናኸሪያው። ባጭሩ ማዘጋጃ ቤቱ ቀረላቸው። ማንም ለፎቶ የማይፈልገው፣ ቴሌቪዥን የማይጎበኘው፣ ግን ጠዋት ከቤት ወጥቶ ማታ እስኪገባ ድረስ የከተማው ሰው ሁሉ የሚረግጠው፣ የሚሸተውና የሚሳፈርበት ነገር። እኔ ይህን መሥሪያ ቤት እወደዋለሁ። ወረፋውን፣ ማኅተም የጠፋበትን ቀን፣ «ነገ ና» የሚለውን መልስ ጨምሬ አይደለም፤ ሥራውን ነው የምወደው። አገራችን ውስጥ እንደሱ የተናቀ ቁም ነገረኛ ተቋም ያለም አይመስለኝም።

መሠረታዊውን ቶሎ ልጨርስ። ዘመናዊው ሕግ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው፤ አዲስ አበባንና ጎንደርን ባንድ ሰንጠረዥ፣ ሌሎቹን ከተሞች በሌላ ሰንጠረዥ መድቦ ማዘጋጃ ቤትን በሕግ አቆመ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለማዘጋጃ ቤት ቀበሌ የሚባል ጎረቤት መጣለት። ዛሬ በየክልሉ የከተሞች አዋጅ መሠረት ምክር ቤት አለ፣ ምክር ቤቱ የሚሰይማቸው ከንቲባ አሉ፣ ከከንቲባው ሥር ደግሞ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎቱን የሚመራ ሥራ አስኪያጅ አለ። ከንቲባው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ቆሻሻ መኪናው ጎማው ሲፈነዳ የሚደወልለት ግን ሥራ አስኪያጁ ነው። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከንቲባን በድምፅ ሸልሞ በድምፅ መቅጣት የሚባለውን ነገር ብዙው ወጣት ነዋሪ ቀምሶት አያውቅም። ሐሜቱ የበረታውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

ደቡብ ምዕራቡን የመረጥኩት ስለማውቀው ብቻ አይደለም፤ ችግሩ እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ይሁንታ አግኝቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሲመሠረት፣ መናገሻውን ባንድ ከተማ አላከማቸም። የአስተዳደሩ መቀመጫ ቦንጋ ሲሆን ለሚዛን አማን የዳኝነቱ ደረሳት። ሚዛን አማን ራሷ ሁለት ከተማ ናት፤ ሚዛን ተፈሪና አማን ባንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ተጠቃለው፣ በመካከላቸው ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲመላለስ ይውላል። ቴፒ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ዝቅ ብላና ሞቅ ብላ በቡና ተከባ ትገኛለች። በሁለቱም በኩል የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ ከሚዛን በታች በበቃ፣ ቴፒ ላይ ደግሞ የቴፒ ቡና እርሻ አለ። ዝናቡ አገሪቱ ውስጥ ተወዳዳሪ የለውም። ቡናው ሲደርስ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ኢሱዙው ሁሉ ከየጫካው መንደር ወደ ከተማ ይጎርፋል። የክልል መሥሪያ ቤት፣ ተማሪ፣ ቡናና ዝናብ፤ አራቱም ባንድ ጊዜ የሚወድቁት በማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ማንኛውም የከተማ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የሚናገር ሰው «ይህን ሁሉ ቡና የምትጭን ከተማ እንዴት አንድ መንገድ ማሠራት ያቅታታል?» ማለቱ አይቀርም። ጭብጨባው ደማቅ ነው። ጥያቄው ግን የተሳሳተ ካዝና እያንኳኳ ነው።

በክልል ውስጥ ያለ ከተማ ገንዘቡን በሁለት ቋት ነው የሚይዘው። አንደኛውን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «መደበኛ» ይሉታል። የነጋዴው የትርፍ ግብር፣ የሠራተኛው የደመወዝ ግብር እዚህ ይገባል፤ ክልሉ በቀመር አስልቶ የሚያከፋፍለው የበጀት ድጎማም የሚመጣው እዚሁ ነው። ከዚህ ቋት የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ደመወዝ ይከፈላል። ደመወዙ ሲከፈል ቋቱ አብዛኛውን ጊዜ ተሟጥጧል።

ሁለተኛው «ማዘጋጃ ቤታዊ» ነው። የሊዝ ክፍያ፣ የቦታ ኪራይ፣ የገበያ መደብ፣ የቄራ አገልግሎት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የመናኸሪያ ክፍያ፣ የጽዳት ክፍያ እዚህ ይጠራቀማሉ። መንገድ ጠራጊዋ፣ ቦይ ከፋቹ፣ የመንገድ አምፖሉ፣ የጠጠሩ ጭነት፣ የኮብልስቶኑ ጥገና የሚኖሩት ከዚህ ነው። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ከክልል በቀመር የሚመጣው ድጎማ የተሰላው ለመጀመሪያው ቋት እንጂ ለሁለተኛው አይደለም። ሁለተኛው ቋት ራሱን ነው የሚመግበው። ከተማው ካልሰበሰበ የለም።

ስለዚህ የቡና ነጋዴው ግብሩን በሙሉ ሳይሸራርፍ ከፍሎ፣ ደጃፉ ያለው ቦይ ተደፍኖ ሊቀር ይችላል። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም። ግብሩ በመደበኛው ቋት ተቆጥሮ በክልሉ ቀመር ውስጥ ይታሰባል፤ መምህር ይቀጥራል፣ ደግ ነው። ቦዩን የሚከፍተው ግን ያው ነጋዴ ለመጋዘኑ የሚከፍለው የቦታ ኪራይ፣ ለሰሌዳው የሚከፍለው ክፍያ፣ ለጽዳት የሚከፍለው ሳንቲም ነው። እነዚህን ሲጠየቅ ደግሞ «ግብር ከፍያለሁ አይደል?» ይላል። ከፍለሃል፤ ለሌላው ቋት።

ከአዲስ አበባ ጋር ማወዳደርም የሚያሳስተው በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የራሷ ቻርተር ያላት ከተማ ናት፤ የነጋዴዋን ግብር ራሷ ሰብስባ ራሷ ታወጣለች። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ የኖረውን አንበሳ አውቶቡስን የያዘች፣ በኋላም ሸገርን የጨመረች፣ ለቲኬቱ ርካሽነት ከካዝናዋ የምትደጉም እሷ ናት። የቲኬቱ ብር ብቻውን ነዳጁንና መለዋወጫውን አይሸፍንም፤ ልዩነቱን ከተማዋ ትሞላለች። ሚዛን አማን ነገ አሥር አውቶቡስ በስጦታ ብታገኝ እንኳ ልዩነቱን የምትሞላበት ቋት የላትም። «የኛ ከንቲባ ለምን የከተማ አውቶቡስ አያመጡም?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። አውቶቡሱ ቢመጣ የሚቆመው በሁለተኛው ቋት ትከሻ ላይ ነው፤ ይህም ትከሻ የቆሻሻ መኪናውን ነዳጅ እንኳ እያቃሰተ ነው የሚሸከመው።

ይህ የኛ ጉድ ብቻ አይደለም። ኒውዮርክን የሚያህል ከተማ ከንቲባ እንኳ በምርጫ ክርክር ላይ ስለ ምድር ባቡርና አውቶቡስ ሲጠየቁ ይውላሉ፤ ባቡሩንም አውቶቡሱንም የሚያስተዳድረው ግን የግዛቱ መንግሥት ተቋም ነው፣ ሊቀመንበሩንም የሚሾሙት የግዛቱ ገዥ ናቸው። እዚያም ሐሜቱ አድራሻውን ይስታል።

ወደ ሁለተኛው ቋት ልመለስ፤ ያልተነገረ ጣጣ አለውና። በብዙ ከተሞች ከሚገባው ገንዘብ ትልቁ ክፍል ከመሬት ነው። ቦታ በጨረታ ይወጣል፣ አሸናፊው የሊዝ ቅድሚያ ክፍያውን ይከፍላል፣ የቀረውን በዓመታት ይከፋፍላል። የመኖሪያ ቦታ የሊዝ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 721/2004 እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። ጨረታ በወጣበት ዓመት ቋቱ ሞላ ይላል፣ ከንቲባውም ይታያሉ። ጨረታ ባልወጣበት ዓመት ይጎድላል። ቦይ ግን በየዓመቱ ነው የሚደፈነው። አንዴ በሚሸጥ ነገር በየዓመቱ የሚመጣን ወጪ መሸፈን፣ ዘር እየቆሉ መብላት ነው። በገቢ ረገድ የአንድ ከንቲባ ቀዳሚ ተግባር መሆን ያለበት፣ በኔ እምነት፣ ሌላ ጨረታ ማውጣት አይደለም፤ ትንንሾቹንና ተመላላሾቹን ክፍያዎች፣ ገበያውን፣ ቄራውን፣ መናኸሪያውን፣ ጽዳቱን፣ በደረሰኝ በወቅቱ መሰብሰብ ነው። የታሪፍ ሠንጠረዡ ካረጀም ምክር ቤት አቅርቦ ማደስ። ይህን ሲያደርጉ የሚያጨበጭብላቸው የለም፤ የሚያኮርፋቸው ግን ይበዛል።

ከውጭ የሚመጣ እርዳታ የለም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከምንቀዳው ነዳጅ ላይ በሊትር እየቆረጠ ለመንገድ ጥገና ያከፋፍላል፤ ከዚህ ውስጥ ለከተሞች ሲመደብ የኖረው አሥር በመቶ ገደማ ነው። የሚፈቀደውም ለጥገና እንጂ አዲስ መንገድ ለመሥራት አይደለም። በዓለም ባንክ ገንዘብ ሲደገፍ የነበረውና በ2010 ዓ.ም. 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ፕሮግራም ደግሞ ገንዘቡን ይሰጥ የነበረው በአፈጻጸም ነጥብ ነው። ይህን ፕሮግራም ብዙ ሰው የሚያውቀው በኮብልስቶኑ ነው፤ እኔ ግን የምወድለት ሌላ ነገር አለ። ከተሞች የያዙትን ሀብት እንዲመዘግቡና የጥገና ዕቅድ እንዲያወጡ አስገደደ። ስንት ኪሎ ሜትር ቦይ አለን? የትኛው ተሰብሯል? ለመጠገን ስንት ይፈጃል? ከዚያ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀ ማዘጋጃ ቤት ብዙ አልነበረም።

አሁን መናኸሪያ። ትራንስፖርት ሲባል ሰው የሚያስበው መኪና ነው። በትንሽ ከተማ ግን መኪናው የግለሰብ ነው። ባጃጁ የባለንብረቱ ነው፣ ሾፌሩ የቀን ገቢ ያስገባለታል፤ ቅጥቅጡም ሚኒባሱም እንዲሁ። ለጉዞው ዋጋ ታሪፍ የሚያወጣው የትራንስፖርት ቢሮው ነው። ከተማው የሚይዘው መኪናው የሚቆምበትን፣ ተራ የሚይዝበትን፣ የሚዞርበትን መሬት ነው። ስለዚህ የደቡብ ምዕራብ ከንቲባ «ለሕዝብ ማመላለሻ በጀት መደብኩ» ሲሉ፣ ነገሩ ወደ መሬት ሲወርድ የባጃጅ መቆሚያ፣ የመናኸሪያ ጥላና መጸዳጃ ቤት፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ የሚወስድ የእግረኛ መንገድ ማለት ነው። መጸዳጃ ቤቱን በተለይ ልብ በሉልኝ። ከአዲስ አበባ ሚዛን ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የደረሰ ሰው ስለ ከተማዋ የሚይዘው የመጀመሪያ አስተያየት ከየት እንደሚጀምር፣ ያየ ያውቀዋል።

የመናኸሪያ ሥርዓት ለማያውቀው ትርምስ ይመስላል። ጎህ ሳይቀድ «ጂማ! ጂማ! የሞላ ጂማ!» ይጮሃል፤ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ዶሮ ይንጫጫል። ከትርምሱ ሥር ግን ጥብቅ ሥርዓት አለ። መኪናው የመስመሩን ስም የያዘ ታፔላ አለው፤ ከታፔላው ውጪ መጫን አይችልም። ስምሪት ክፍሉ ተራውን ይመዘግባል። ተራ አስከባሪው ያስከብራል፣ ወይም ቢያንስ እሱ እንዲህ ይላል። መኪናው ሲሞላ ስንት ሰው እንደጫነ ይታያል፣ ክፍያው ይቆረጣል፣ መውጫ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። ትርፍ መጫን የሚያዘውም፣ የተለጠፈውን ታሪፍ ከሚጠየቀው ዋጋ ጋር ማስተያየት የሚቻለውም እዚህ በር ላይ ነው።

አንድ ቀን በአካባቢው ካሉ መናኸሪያዎች ባንዱ ዝናብ ይዞኝ ስምሪት ክፍል ተጠለልኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አዛውንት ሠራተኛ ጠርዙ የተቀዳደደ ትልቅ መዝገብ ፊታቸው ዘርግተው ነበር። «ምንድን ነው አባባ?» ስላቸው «የሄደው ሁሉ እዚህ አለ» አሉኝና መዝገቡን ወደኔ ዞር አደረጉት። ቀን፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ መድረሻ፣ የሰው ብዛት። ገጹን ስገላብጥ የከተማዋ ኑሮ በመስመር በመስመር ተጽፏል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚቀበልበት ሳምንት ከጂማ የሚመጣው ያብጣል። ቡና ሲለቀም ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጣው ሚኒባስ በእጥፍ ያድጋል፤ ለቃሚው፣ ሰብሳቢው፣ ደላላው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። በገበያ ቀን አንዳንዱ የገጠር መስመር ከረፋዱ በፊት ተራውን ይጨርሳል፤ በሌላው ቀን ግን አንድ መኪና እስኪሞላ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ክረምት ሲገባ አንዳንድ መስመር ከመዝገቡ ጨርሶ ይጠፋል፤ መንገዱ ተቆርጧላ።

እንግዲህ ይህን መዝገብ አስቡት። የትኛው የገጠር መንገድ መጀመሪያ ጠጠር ሊለብስ ይገባል? የባጃጅ መቆሚያ የት ይሠራ? የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት መኪና ያጣል? መልሱ እዚያ ጠርዙ የተቀዳደደ ደብተር ውስጥ ተኝቷል። አማካሪ ድርጅት ቀጥረን መጠይቅ አስበትነን የምንፈልገውን መረጃ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ወይም የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በየዕለቱ በእስክሪብቶ እየጻፈ ያስቀምጠዋል። ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ ይታሰራል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ምስጥ ይረከበዋል። አዛውንቱን «ይህን የሚጠይቃችሁ አለ?» ብላቸው «ገቢ ሊቆጥሩ ይመጣሉ» አሉኝ። ገቢውን መቁጠር ደግ ነው። ሰውንም ቢቆጥሩት ምናለ! አንድ ወጣት ሠራተኛ በኮምፒውተር እያስገባ በየወሩ አንድ ገጽ ለሥራ አስኪያጁ ቢያቀርብ፣ የከተማው የትራንስፖርት ዕቅድ በግምትና በጩኸት መመራቱ ይቀር ነበር።

መናኸሪያን ወደ ከተማ ዳር ማውጣት የሚባል ፋሽንም አለ። መሀል ከተማ ያለው ቦታ ውድ ነው፣ መጨናነቁም እውነት ነው፤ ስለዚህ ሰፊ ግቢ ዳር ላይ ይሠራል፣ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ ከገጠር አንድ ኩንታል እሸት ቡና ወይም አንድ ዘለላ ሙዝ ይዛ የመጣች ሴት ከመናኸሪያ ገበያ ለመድረስ ባጃጅ ኮንትራት ትይዛለች። የኮንትራቱ ዋጋ ከመጣችበት የመኪና ዋጋ የሚበልጥበት ቀን አለ። መናኸሪያ የሚወጣ ከሆነ በዚያው ቀን «በሰው» የሚጭን የባጃጅ መስመር፣ ታሪፉ የተለጠፈ፣ ከበሩ እስከ ገበያ መከፈት አለበት። ሁለቱን ለይቶ ማሰብ የሾፌር እንጂ የተሳፋሪ አስተሳሰብ አይደለም።

ተሳፋሪውንም ሳልነካው አላልፍም። ከመናኸሪያ በር ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ቆሞ የሚሳፈር ወዳጄ፣ ሁለት ደቂቃ አተረፍክ እንበል። መኪናው ስንት ሰው እንደጫነ አልተመዘገበም፣ ክፍያው አልተቆረጠም፣ አንተም በመዝገቡ የለህም። ሾፌሩ በታሪፉ ላይ ሲጨምርብህ «መንግሥት የለም ወይ?» ትላለህ። መንግሥት በሩ ላይ ነበር፤ ዞረኸው ሄድክ። ደረሰኝ ሳይቀበል «ቀንስልኝና ይቅር» የሚለው የገበያ ነጋዴም ያው ነው፤ ቅናሹ የሚቀነሰው ከቦዩ ነው።

ቦይ ካልኩ ዘንድ፣ ይህን ሁሉ ዝናብ በሚያወርድ አገር ከመንገዱ ቦዩ ይቀድማል። ኮብልስቶን ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ የሚገድለው የመኪና ክብደት አይደለም፣ ከሥሩ የሚሄድ ውኃ ነው። ድንጋዩ የተነጠፈው በአሸዋ ላይ ነው። ቦዩ ሲደፈን ውኃው መንገዱ ላይ ይወጣል፣ በድንጋዮቹ መሀል ይሰርጋል፣ አሸዋውን ይዞ ይሄዳል። ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ጎረቤቱ ይላቀቃል፤ በሚቀጥለው ክረምት ነዋሪው አዋጥቶ ያሠራው መንገድ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ቡና የጫነ ኢሱዙ ሲገባበት አለቀ። ያኔ ሁሉም «ጥራት የሌለው ሥራ» ብሎ ተቋራጩን ይሰድባል። አልፎ አልፎ ልክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ገዳዩ ቦዩ ውስጥ የተጣለው የውኃ ላስቲክ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና ገለባና የፈረሰ ግድግዳ ፍርስራሽ ነው። ከቤቱ በር ፊት ያለውን ቦይ በእንጨት ድልድይ ሸፍኖ ሱቅ የዘረጋበትን ሰውም አልዘነጋሁትም። ማዘጋጃ ቤቱ ሊከፍት ሲመጣ ሱቁ ይፈርስብኛል ብሎ አቤቱታ ይጽፋል።

ሰሞኑን የከንቲባዎች ሁሉ ቀልብ ያለው ኮሪደር ልማት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አበባ። የእግረኛ መንገዱን ከልቤ እወደዋለሁ፤ በከተሞቻችን ከሁሉ የሚበዛው በእግሩ የሚሄደው ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አምፖሉ ሲቃጠል በማን ቋት ይቀየራል? አበባውን ማን ያጠጣል? ያ ሁሉ ጌጥ በተመረቀ ማግስት የሁለተኛው ቋት ዕዳ ይሆናል፣ ቋቱ ደግሞ አልሰፋም።

ሊያሰፋው የሚችል ነገር በሕግ ደረጃ መጥቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ በከተማ ቦታና ሕንፃ ላይ የሚከፈል፣ ለከተሞች አገልግሎት የሚውል ዓመታዊ ገቢ እንዲኖር መንገድ ከፍቷል። ክልሎች የራሳቸውን ሕግ አውጥተው መሬት ላይ ሊያውሉት ይገባል። እንደ ሊዝ አንዴ ተሸጦ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ የሚመለስ መሆኑ ከቦዩ ጸባይ ጋር ይስማማል። ነዋሪው ግን በኑሮ ውድነት ላይ ሌላ ክፍያ መጣ ብሎ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ከንቲባው ከማስከፈላቸው በፊት የቦዩን ርዝመትና የጥገናውን ወጪ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉለት ንግግሩ ይቀላል።

አንድ የቀን አቆጣጠር ነገር ቀርታኛለች፤ ሥራ አስኪያጆቹ ሁሉ ያውቋታል፣ ነዋሪው ግን አያውቃትም። የበጀት ዓመቱ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ክረምቱ አናት ላይ። ገንዘቡ ጸድቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ሥራ እስኪጀመር መስከረም ወይም ጥቅምት ይደርሳል፤ ደቡብ ምዕራብ ላይ ያኔም ዝናቡ አልለቀቀም። ቦይ መጠረግ ያለበት ደግሞ ከባዱ ዝናብ ሳይገባ፣ በየካቲትና በመጋቢት ነው፤ ያን ጊዜ የዓመቱ ብር አብዛኛው ወጥቷል። ስለዚህ የየካቲቱ ቦይ ጠረጋ ገንዘብ አስቀድሞ፣ የከተማው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ፣ በራሱ መስመር ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ «ልዩ ልዩ ጥገና» በሚል ርዕስ ሥር ከተወሸቀ እስከ ጥር አይደርስም። የምክር ቤቱ የበጀት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ከተማ ያለ ሰው ገብቶ ይቀመጥና፣ የማዘጋጃ ቤታዊው ገቢ ገጽ ሲገለጥ የቦዩን መስመር ቁጥር ይጠይቅ።